ቁልፉን ከመቀበላችን በፊት ወረቀቱን እናንብብ

(የማኅበራችን የቤት ጉዳይ ኮሚቴ በዓመታዊው ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ያቀረበው ንግግር)



ባለፈው ጉባኤ መዝጊያ ላይ ከመካከላችን አንዲት እናት ተነሥተው፣ «ቆጥቡ ቆጥቡ ስትሉን ቆጠብን። አሁን ደግሞ በቆጠብነው ቤት እንዴት እንደሚገዛ ማን ይንገረን?» ብለው ጠየቁ። ያን ዕለት አጥጋቢ መልስ አልሰጠናቸውም። ይህ ንግግር ዘግይቶ የመጣ መልሳችን ነው።

ወደ መልሱ ከመግባታችን በፊት ግን አንድ ዕዳ አለብን። እኛ ራሳችን ያጠፋነውን በእናንተ ፊት መናገር አለብን። ጥፋቱ የደረሰባት እኅታችን ዛሬ እዚሁ ከመካከላችሁ ተቀምጣለች። ፈቃዷን ስንጠይቃት «ስሜን አትጥሩ እንጂ ነገሩን ሳትቆርጡ ንገሩ» ብላናለች። እንዳለችው እናደርጋለን።

የእኅታችን ነገር

ከሁለት ዓመት ተኩል በፊት ነው። እኅታችን እንጀራ በመጋገር የምትተዳደር ናት። ዘጠኝ ዓመት ቆጥባ፣ ሁለት ጊዜ እቁብ ወጥቶላት፣ ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ልትገዛ ተነሣች። ደላላው አንድ ቤት አሳያት። ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ ፀሐይ ይገባዋል፤ ምጣዷን የምታስቀምጥበት በረንዳም አለው። ወደደችው።

የሚሸጠው ባለቤቱ አልነበረም፤ የባለቤቱ ወንድም ነበር። ባለቤቱ ውጭ አገር እንደሚኖርና ውክልና እንደሰጠው ነገራት። ውክልናውንም አውጥቶ አሳየ። ማኅተም አለው፣ ፊርማ አለው። «ሌላ ገዢ ነገ ጠዋት ብር ይዞ ይመጣል» ተባለች። ማምሻውን ደወለችልን። ከኮሚቴው ሦስታችን ሄድን። ደላላው ቢሮ ውስጥ ውል ተጻፈ። 700 ሺህ ብር በእጅ ከፈለች። ከዚህ ውስጥ 60 ሺው ከማኅበራችን ተዘዋዋሪ ብድር የወጣ ነበር። ሦስታችንም ምስክር ሆነን ፈረምን። እልል ብለን ወደየቤታችን ገባን።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ውልና ማስረጃ ለመሄድ ቀጠሮ ሲያዝ ወንድምየው ስልክ ማንሳት አቆመ። ስናጣራ ባለቤቱ ውሉ ከመፈረሙ ከአራት ወር በፊት ሞቷል። ሚስቱና ልጆቹ ቤቱ ለሽያጭ መቅረቡን እንኳ አልሰሙም ነበር። የሞተ ሰው ደግሞ ወኪል የለውም።

እኅታችን ሁለት ዓመት ፍርድ ቤት ተመላልሳ እስከ አሁን 410 ሺህ ብር አስመልሳለች። የቀረው 290 ሺህ ብር ይመጣ እንደሆነ አናውቅም። የማኅበሩን 60 ሺህ ብር ምስክር የሆንነው ሦስታችን ተከፋፍለን ለመተካት ተስማምተን፣ እስከ ዛሬ 38 ሺህ ብር ገቢ አድርገናል። ይህን የምንናገረው ለመመስገን አይደለም። የማኅበሩ ብድር የእናንተ የአባላቱ መዋጮና የደጋፊዎቻችን አደራ ስለሆነ፣ የት እንደገባ የማወቅ መብት ስላላችሁ ነው።

ሦስታችንም ማንበብ እንችላለን። ያን ቀን ግን ውክልናውን አየነው እንጂ አላነበብነውም። ባለቤቱን በስልክ እንኳ እናግኘው አላልንም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እኛ አብረናት ቸኩለን፣ ለቀማውን ግን ለእሷ ብቻ ተውንላት። ከዚያ ወዲህ ሕግ የሚያውቁ ሰዎችን ጠይቀን፣ ውልና ማስረጃና ክፍለ ከተማ ተመላልሰን፣ ቤት የገዙ አባሎቻችንን አነጋግረን የተማርነውን እነሆ።

መጀመሪያ ኪሳችንን እናንብብ

ቤት የሚፈልግ ሰው በመጀመሪያ ቤት ማየት ይጀምራል። ያየ ዓይን ደግሞ ይመኛል፤ የተመኘ ልብ ሒሳብ አይሠራም። ስለዚህ ደላላ ከመጥራታችን በፊት በአንድ ወረቀት ላይ ሦስት ቁጥሮችን እንጻፍ፤ በእጃችን ያለውን፣ በየወሩ ሳንቸገር ልንከፍል የምንችለውን፣ ቤቱ ከተገዛ በኋላ ሳይነካ መቀመጥ ያለበትን።

ከባንክ መበደር ለሚያስቡ አንድ ምሳሌ እናሳይ። አንድ ሚሊዮን ብር ተበደርን፣ ወለዱም በዓመት 17 ከመቶ ነው እንበል። በ15 ዓመት ለመጨረስ ብንዋዋል ወርኃዊ ክፍያው ወደ 15,390 ብር ይሆናል። እስክንጨርስ ድረስ በጠቅላላው የምንከፍለው ወደ 2 ሚሊዮን 770 ሺህ ብር ነው። ያንኑ አንድ ሚሊዮን በ10 ዓመት ለመጨረስ ብንዋዋል ወርኃዊው ወደ 17,380 ብር ከፍ ይላል፤ ጠቅላላው ግን ወደ 2 ሚሊዮን 86 ሺህ ብር ይወርዳል። በወር 2 ሺህ ብር ገደማ መጨመር ከ680 ሺህ ብር በላይ ያድናል ማለት ነው። ባንኩ የሚነግረን ብዙ ጊዜ ወርኃዊውን ነው። እኛ ግን «በጠቅላላው ስንት እከፍላለሁ? ወለዱ ቢጨምር ክፍያዬ ይጨምራል ወይ? ቀድሜ ብከፍል ቅጣት አለው ወይ?» ብለን እንጠይቅ። መልሱንም በጽሑፍ እንቀበል።

ወርኃዊ ክፍያውን እንችለው እንደሆነ ለማወቅ ደግሞ ከመበደራችን በፊት ለስድስት ወር እንደ ባለዕዳ እንኑር። የቤት ኪራያችን 8 ሺህ ብር ከሆነ፣ ክፍያው 15,390 ብር የሚሆን ከሆነ፣ ልዩነቱን 7,390 ብር በየወሩ ሳናጓድል ለብቻው ሒሳብ እናስገባ። ከቻልን በስድስት ወር ውስጥ 44,340 ብር ይዘን ራሳችንንም አውቀን እንወጣለን። ካልቻልን ደግሞ ሳንበደር አወቅነው። ከመካከላችን አንዲት አባል ይህን ሞክራ በአራተኛው ወር አቃታት። ቤት መግዛቱን አልተወችም፤ ቅናሽ ያለው ቤት ፈለገች። ዛሬ ቤቷ ናት።

ሌላው የሚረሳው ከቤቱ ዋጋ በላይ ያለው ወጪ ነው። ስም ሲዛወር የቴምብር ቀረጥ ሁለት ከመቶ አለ፤ በሦስት ሚሊዮን ብር ቤት ላይ 60 ሺህ ብር ነው። በዚያ ላይ የስም ማዛወሪያ የአገልግሎት ክፍያ አለ። ደላላው በልማድ ሁለት ከመቶ ይጠይቃል። ካፒታል ጌይን የሚባለው ግብር በሕግ የሻጩ ነው፤ ብዙ ሻጮች ግን «የመንግሥት ወጪ ሁሉ በገዢ» ብለው ያስጽፋሉ። ያ አንድ መስመር በመቶ ሺዎች ሊቆጠር ይችላል። የትኛውን ክፍያ ማን እንደሚከፍል ዋጋ ስንነጋገር እንጨርስ፤ ፈርመን ከወጣን በኋላ መከራከር ዋጋ የለውም።

ምን እየገዛን ነው?

«ቤት እየገዛሁ ነው» ስንል ምን እንደምንገዛ ማወቅ ያስፈልጋል። በአገራችን መሬት አይሸጥም፤ በሕገ መንግሥቱ የመንግሥትና የሕዝብ ነው። እኛ የምንገዛው ቤቱንና በመሬቱ የመጠቀም መብቱን ነው። ይህ መብት ደግሞ ዓይነቱ ብዙ ነው።

በሊዝ የተያዘ ከሆነ፣ ለመኖሪያ የሚሰጠው ዘመን እስከ 99 ዓመት ነው። ስንት ዓመት ቀረው? ያልተከፈለ የሊዝ ዕዳ ስንት አለ? ቤቱን ስንገዛ ያ ዕዳ አብሮ ይመጣል። ነባር ይዞታ ከሆነ ደግሞ፣ በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ነባር ይዞታ ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ሲተላለፍ አዲሱ ባለይዞታ በሊዝ ሥርዓት እንዲገባ ይደነግጋል። ሻጩ የማይከፍለውን እኛ ልንከፍል እንችላለን ማለት ነው። ክፍለ ከተማ ሄደን አስቀድመን እንጠይቅ።

ኮንዶሚኒየም ከሆነ፣ በዕጣ የደረሰ ቤት አምስት ዓመት ሳይሞላው በሽያጭ እንዲተላለፍ አይፈቀድም። «አልሞላም ግን ችግር የለም፤ ውክልና እሰጥሻለሁ፣ ኑዛዜም እጽፍልሻለሁ» የሚል ሻጭ ብዙ ነው። ውክልና ይሻራል፣ ኑዛዜም ይሻራል፤ ሻጩ ከሞተ ከወራሾች ጋር ፍርድ ቤት ነው። ብራችን ግን ወጥቷል። በተጨማሪ የባንክ ብድሩ አልቆ እንደሆነ እንጠይቅ። ብድሩ ካላለቀ ቤቱ የባንኩ መያዣ ነው።

የቀበሌ ቤት የመንግሥት ቤት ነው። በ1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶች የመንግሥት ከሆኑ ወዲህ ተከራዩ ተከራይ እንጂ ባለቤት አይደለም። «ቁልፍ ልሽጥልሽ» ማለት የራሱ ያልሆነውን ልሽጥልሽ ማለት ነው። ሰነድ የሌለው የጨረቃ ቤትም እንዲሁ ነው፤ ዋጋው የቀነሰው በምክንያት ነው።

ገና በመሠራት ላይ ያለ ቤት ከሪል ስቴት ድርጅት የምንገዛ ከሆነ ደግሞ፣ የሥዕሉን ማማር ትተን የመሬቱ ካርታ በድርጅቱ ስም መሆኑን፣ የግንባታ ፈቃድ መኖሩን፣ መሬቱ ለባንክ አለመያዙን እንጠይቅ። ውሉ ውስጥ የርክክብ ቀን ይኖራል፤ ቀኑ ካለፈ ድርጅቱ ምን እንደሚቀጣ ግን ብዙ ጊዜ አይጻፍም። እኛ ክፍያ ስናሳልፍ የምንቀጣውን ያህል እሱም ሲያዘገይ እንዲቀጣ እንጠይቅ።

የሚሸጠው ማን ነው?

የእኅታችን ጉዳት እዚህ ላይ ነበርና ረጋ ብለን እንየው።

የመጀመሪያው ጥያቄ ካርታው ላይ ያለው ስምና ከፊታችን የቆመው ሰው አንድ ናቸው ወይ? የሚለው ነው። ኮፒ አይበቃም፤ ዋናውን ካርታና ዋናውን መታወቂያ ጎን ለጎን አድርገን የአያት ስም ሳይቀር እናመሳክር።

ሁለተኛ፣ ሻጩ ባለትዳር ነው ወይ? በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ የጋራ የሆነ ቤት ያለ ባልና ሚስቱ ስምምነት እንዳይሸጥ ያዝዛል። አንደኛው ብቻውን ከሸጠ ሌላኛው መሸጡን ባወቀ በስድስት ወር፣ በማንኛውም ሁኔታ ግን ውሉ በተደረገ በሁለት ዓመት ውስጥ እንዲፈርስ ፍርድ ቤት ሊጠይቅ ይችላል። ካርታው በአንዱ ስም ብቻ መሆኑ አያድነንም። ሻጩ «አላገባሁም» ካለ ያላገባ የምስክር ወረቀት፣ «ፈትቻለሁ» ካለ የፍቺውንና የንብረት ክፍፍሉን ውሳኔ ያምጣ። ይህን ስንጠይቅ የምናፍር ከሆነ አንድ ነገር እናስታውስ፤ እኛ ሳንሰማ ባላችን ቤታችንን ሲሸጠው የሚያድነን ይኸው ሕግ ነው። ለእኛ የምንፈልገውን ለሻጩ ሚስት አንንፈጋት።

ሦስተኛ፣ ቤቱ የውርስ ከሆነ የፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ይታይ። በማስረጃው ላይ አምስት ወራሽ ካለ አምስቱም ይፈርሙ። «ታናሽ ወንድማችን ክፍለ ሀገር ነው፤ እሱ አይቃወምም» የሚል ቃል ለፍርድ ቤት ማስረጃ አይሆንም። ከወራሾቹ መካከል ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ካለ ደግሞ ነገሩ ከባድ ስለሆነ የሕግ ባለሙያ ሳናማክር አንድ ብር አንክፈል።

አራተኛ፣ ውክልና። ሰው ሁሉ በውክልና መሸጥ ያታልላል አንልም። በዐረብ አገርም በአሜሪካም የሚኖሩ ብዙ ወገኖቻችን ቤታቸውን በቅንነት በወኪል ይሸጣሉ። ግን ውክልናው ይነበብ። «እንዲያስተዳድር» የሚል ውክልና ለመሸጥ አያበቃም፤ ቤት ለመሸጥ ልዩ ሥልጣን መሰጠት አለበት። ውጭ አገር የተፈረመ ከሆነ በኤምባሲያችን ተረጋግጦ፣ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር አልፎ፣ እዚህ የተመዘገበ መሆን አለበት። ያረጋገጠው መሥሪያ ቤት ሄደን አለመሻሩን እንጠይቅ። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን መሠረት ደግሞ በሌላ ካልተስማሙ በቀር ወካዩ ሲሞት ውክልናው ያበቃል። ስለዚህ ባለቤቱን በምስል ጥሪ እናግኘው። ፊቱን እንይ፤ መታወቂያውን ያሳየን፤ ዋጋውን ራሱ ይናገር። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ያ አምስት ደቂቃ ለእኅታችን 700 ሺህ ብር ያድንላት ነበር።

ካርታው ንጹሕ ነው ወይ?

ካርታ በእጅ መኖሩ ቤቱ ከዕዳ ነፃ ነው ማለት አይደለም። ቤቱ ለባንክ ተይዞ፣ ወይም በፍርድ ቤት ታግዶ ሊሆን ይችላል። ከክፍለ ከተማው «ከዕዳና ከእግድ ነፃ ነው» የሚል ማረጋገጫ ሳይመጣ ገንዘብ አይከፈል። ማረጋገጫውን ሻጩ አምጥቶ ቢያሳየንም፣ አብረነው ሄደን ከፋይሉ ጋር መመሳከሩን እንከታተል። ወረቀቱ የድሮ ከሆነም አይበቃንም፤ ከሦስት ወር በፊት ነፃ የነበረ ቤት ትናንት ታግዶ ሊሆን ይችላል።

እዚያው እያለን ሁለት ነገር እንጠይቅ። አንደኛ፣ ካርታው ላይ የተጻፈው ስፋትና አጥሩ የከበበው ስፋት አንድ ነው ወይ? ከካርታው ውጭ የታጠረ መሬት ካለ ዋጋ አንከፍልበትም። ሁለተኛ፣ ቦታው መንገድ፣ የኮሪደር ልማት ወይም የመልሶ ማልማት ዕቅድ ይነካዋል ወይ? ቦታው ለልማት ሲፈለግ በሕጋዊ መንገድ ለተሠራው ቤት ካሳ ይታሰባል፤ ያለ ፈቃድ ለተቀጠለው ሰርቪስ ቤት ግን ካሳ አለኝ ብለን መተማመን የለብንም።

ቤቱን በእግራችንና በጆሯችን እንየው

ደላላ ቤት የሚያሳየን ፀሐይ ሲወጣና መንገዱ ሲደርቅ ነው። እኛ ግን ሐምሌ ላይ፣ ዝናብ ሲጥል እንሂድ። ጣሪያው ያንጠባጥባል? ግድግዳው ላይ እርጥበት አለ? ፍሳሹ ወዴት ይሄዳል? ማታ ሁለት ሰዓት ላይም እንሂድ፤ ከሥራ ስንመለስ ታክሲ የምናገኝበት፣ ብቻችንን የምንሄድበት መንገድ ነው ወይ?

ጎረቤት እንጠይቅ። ውኃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? መብራት ምን ያህል ይጠፋል? ይህ ቤት ስንት ጊዜ ለሽያጭ ወጣ? ጥል አለበት ወይ? የሠፈር እናቶች ደላላ የማይነግረንን ይነግሩናል። ቡና ሲፈላ ደርሰን ከተቀመጥን ደግሞ ያልጠየቅነውንም እንሰማለን። ኮንዶሚኒየም ከሆነ የነዋሪዎቹን ኮሚቴ አግኝተን ያልተከፈለ መዋጮ መኖሩን፣ የውኃና የመብራት ውዝፍ መኖሩን እናጣራ።

እንጀራ የምንጋግር፣ ዳቦ የምንደፋ፣ ልብስ የምንሰፋ ሴቶች ደግሞ አንድ የራሳችን ጥያቄ አለን፤ መስመሩና ቆጣሪው ሥራችንን ይችላል ወይ? ከአባሎቻችን አንዷ ቤት ገዝታ ከገባች በኋላ ሁለተኛ ምጣድ በሰካች ቁጥር መብራት እየጠፋ ከጎረቤት ጋር ተጣላች። ቤቱ መኖሪያዋ ብቻ ሳይሆን መሥሪያዋም መሆኑን ሳትገዛው አላሰበችም ነበር።

ቀብድና ውል

ቀብድ እንደ ሻይ መጠጫ የሚሰጥ ገንዘብ አይደለም። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቀብድ መስጠት ውል ለመኖሩ ማስረጃ ነው። በሌላ ካልተስማሙ በቀር፣ ቀብድ የሰጠው ሰው ውሉን ካፈረሰ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ካፈረሰ እጥፉን ይመልሳል። ስለዚህ «ለጊዜው ያዢው» ተብለን የምንሰጠው ገንዘብ ልናጣው የምንችለው ገንዘብ ነው። ወረቀቱ ሳይጣራ ቀብድ አይሰጥ። ከተሰጠም በትንሹ ይሁን፤ ለምን እንደተሰጠ፣ በምን ሁኔታ እንደሚመለስ ተጽፎ ይፈረምበት።

የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ መሆን አለበት። ሕጉ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ክፍል ፊት እንዲመዘገብም ያዝዛል። በየደላላው ቢሮ የሚፈረመው ውል ብቻውን አያስተማምንም። ትልቁ ገንዘብ የሚከፈለው ውልና ማስረጃ ፊት ስንፈርም ነው። ክፍያው በሲፒኦ ወይም ከሒሳብ ወደ ሒሳብ ይሁን። በእጅ የተቆጠረ ብር ምስክሩ የቆጠረው ሰው ብቻ ነው።

አንድ ሌላ ልማድ አለ፤ ቀረጥ ለመቀነስ ተብሎ ሦስት ሚሊዮን የተሸጠውን ቤት አንድ ሚሊዮን ብሎ መጻፍ። ሕገ ወጥ መሆኑ አንድ ነገር ነው። ከዚያ በላይ ግን ነገ ውሉ ቢፈርስ ከፍርድ ቤት ፊት ቆመን «የከፈልኩት ሦስት ሚሊዮን ነው» ብንል የራሳችን ፊርማ ያስተባብለናል። በቀረጥ የተረፈችን ብር አስልተን ሁለት ሚሊዮን እናጣለን። የከፈልነው ይጻፍ።

ቤቱ በማን ስም ይሁን?

ይህ ስለ እኛ ስለ ሴቶች ስለሆነ በጓዳ የምንናገረውን እዚህ እንናገረው። ስንቶቻችን ነን በላባችን የተገዛን ቤት «ስሙ ምን ያደርጋል» ብለን የተውን? በትዳር ዘመን የተገኘ ንብረት በአንዱ ስም ቢመዘገብም የጋራ እንደሆነ ሕጉ ይገምታል። መልካም ነው። ነገር ግን ያን ለማስረዳት ፍርድ ቤት መቆም አለብን። ካርታው ላይ የሁለታችንም ስም ከተጻፈ ግን ማስረዳት አያስፈልግም፤ ወረቀቱ ራሱ ይናገራል።

ከጋብቻ በፊት በነበረን ወይም በወረስነው ገንዘብ የምንገዛ ከሆነ፣ ቤቱ የግላችን ሆኖ እንዲቆይ ከፈለግን ከየት እንደመጣ የሚያሳይ ማስረጃ እንያዝ፤ የግል መሆኑንም ፍርድ ቤት እንዲያጸድቅልን እንጠይቅ። ባል የሌለን ደግሞ «ለወንድሜ ስም ይሁንልኝ፤ ሴት ብቻዋን ስትገዛ ያታልሏታል» አንበል። የሚያታልለው ሰው የሚፈራው ወንድ ስላየ ሳይሆን ወረቀት የሚያነብ ሰው ስላየ ነው።

ከእንግዲህ ምን እናደርጋለን?

ካለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል ይላሉ አባቶች። እኛም ሳንጠይቅ የእኅታችን ቤት ቀርቷል። ስለዚህ ኮሚቴው የሚከተሉትን ወስኖ ለጉባኤው አቅርቧል።

አንደኛ፣ ከማኅበሩ ተዘዋዋሪ ብድር ለቤት መግዣ የሚሰጠው ዋናው ካርታ፣ የሻጩ የጋብቻ ሁኔታና ከዕዳና ከእግድ ነፃ መሆኑ ከታየ በኋላ ብቻ ነው። ገንዘቡም ለሻጩ በባንክ እንጂ በእጅ አይሰጥም።

ሁለተኛ፣ ማንም የኮሚቴ አባል ያላነበበውን ውል ምስክር ሆኖ አይፈርምም። አባልዋ ብትቀየመንም ይሻላል።

ሦስተኛ፣ ቤት ልትገዛ ያሰበች አባል አስቀድማ ታሳውቀን። ሁለት ሰው አብሯት ክፍለ ከተማ ይሄዳል። ማንበብ ለማትችል እናት ሰነዱ ቃል በቃል ይነበብላታል፤ ልጇ ወይም ዘመዷ ስለፈረመ ብቻ እንዳነበበችው አንቆጥርም።

አራተኛ፣ «ዛሬ ካልከፈልሽ ነገ ይሸጣል» ለተባለች ሁሉ መልሳችን አንድ ነው፤ «ይሸጥ»። ቤት ነገም አለ። የዘጠኝ ዓመት ቁጠባ ግን እንደገና ዘጠኝ ዓመት ነው።

ደጋፊዎቻችንም አንድ ነገር እንለምናችኋለን። ለብድር ፈንዱ ከምታደርጉት እርዳታ ጥቂቱ ለሕግ ምክር እንዲውል ፍቀዱልን። ለአንድ ቤት ሰነድ ባለሙያ የሚጠይቀው ክፍያ እኅታችን ፍርድ ቤት ለመመላለስ ካወጣችው የታክሲ ሒሳብ አይበልጥም።

ስለ እኅታችን የጀመርነውን እንጨርስ። አሁንም እንጀራ ትጋግራለች። ከተመለሰላት ገንዘብ ላይ በየወሩ እየጨመረች ነው። ባለፈው ወር ሌላ ቤት ልታይ ሄዳ ነበር። ሻጩን የጋብቻ ማስረጃ ስትጠይቀው «ቤት ልትገዢ ነው ወይስ ልታገቢኝ?» ብሎ ቀለደባት። እሷም «ሚስትህ ትምጣና ሦስታችን እንነጋገር» አለችው። ሚስቱ መጡ። ቤቱ የባንክ ዕዳ እንዳለበት የነገሯት እሳቸው ናቸው። ተመሰጋግነው ተለያዩ። በማግሥቱ ቢሯችን መጥታ ይህን ስትነግረን ቤት እንደገዛች ሰው ደስ ብሏት ነበር።

ጥያቄ ያላችሁ አሁን እንስማችሁ።